«ምትክ አየር»፦ ጢስ መሳቢያ ለሚያስተክል ሰው የሚያስፈልግ ቃል

የሣር ክዳን ባለው የአያቶቻችን ማድቤት ጢሱ በጣራው ክፍተት እየሾለከ ሲወጣ፥ በፈንታው ሌላ ነፋስ በበሩና በግድግዳው ስንጥቅ ያለ ከልካይ ይገባ ስለ ነበር፥ ለዚህ ገቢ ነፋስ የራሱን ስም ላውጣለት ያለ ሰው አልነበረም። በሰሜን አሜሪካ ግን ብርድ እንዳይገባ ስንጥቁ ሁሉ እየተደፈነ በሚሠራ ቤት ውስጥ፥ በልማድ «ሁድ» የሚባለው ባለሞተር ጢስ መሳቢያ ከምድጃው በላይ ሲሰቀል፥ ያ ስም የለሽ ነፋስ በሕንፃ ደንብ ውስጥ ሳይቀር በስሙ የሚጠራ ሆኗል። ስሙም በእንግሊዝኛ «ሜክአፕ ኤር» ነው። ቃሉን እንዳለ ብንወስደው፥ የከተማ ሰው «ሜክአፕ» ሲባል ትዝ የሚለው ኩልና የከንፈር ቀለም ነውና፥ ቧንቧ ሠሪ ስንጠራ ሙሽራ አስጌጪ እንዳትመጣብን እሰጋለሁ።

«ማካካሻ አየር» ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ዳሩ ግን ማካካሻ የዕዳና የበደል ሽታ ያለበት ቃል ነው። ከግዕዝ «ተውላጥ»ን ብናመጣ፥ «ተውላጠ ስም»ን የተማረ ልጅ ይረዳው ይሆናል እንጂ ግንበኛው አይረዳውም፤ «ቤዛ» ደግሞ ስለ ነፍስ የሚሰጥ ነውና ለማድቤት ነፋስ ማዋሉ ድፍረት ነው። እኔ የምመርጠው «ምትክ አየር»ን ነው፤ ምትክ የሄደው በለቀቀው ስፍራ የሚገባ፥ ወንድሙ ሞቶ የተወለደውን ልጅ ምትኩ የሚያሰኝ፥ ይዞታው ለተወሰደበትም ምትክ ቦታ የሚያሰጥ ቃል ነውና። «አየር» ራሱም ቢሆን ከጽርእ ወደ ግዕዝ የገባ ነው፤ እንግድነቱን ግን ማን ያስታውሰዋል?

የነገሩ ምሥጢር በመጠን ሲታይ ይገለጣል። ብዙዎቹ የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት መሠረት ያደረጉት የመኖሪያ ቤቶች ደንብ፥ በደቂቃ ከ400 ኩብ ጫማ በላይ ለሚስብ ሁድ፥ በተለይም በቤቱ ውስጥ ጢሱን ያለ ሞተር በሙቀቱ ብቻ የሚያስወጣ የጋዝ ማሞቂያ ካለ፥ ከሚወጣው ጋር የተቀራረበ ምትክ አየር እንዲዘጋጅ ያዛል። 400 ኩብ ጫማ 11 ሜትር ኩብ ያህል ስለ ሆነ፥ ርዝመቱ 4፥ ወርዱ 3፥ ከፍታው 2.7 ሜትር ከሆነ ማድቤት የሚስተካከለውን አየር ሁድ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ፥ ጀበናው ሳይፈላ፥ ጠርጎ ያወጣዋል ማለት ነው። ባዶ ስፍራ ግን ባዶ ሆኖ አይቀርም። ምትክ በቀና መንገድ ካልተሰጠው፥ ሞተሩ እየጮኸ የሚስበው ያንሳል፤ ከዚህም የሚከፋው፥ ቤቱ አየር ፍለጋ በማሞቂያው የጢስ ቧንቧ ወደ ኋላ ሲስብ፥ ሊወጣ የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ፥ ቀለምም ሽታም የሌለው ገዳይ፥ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል።

መውጫውም ቢሆን አሳብ ይፈልጋል። ለ15 ሳንቲ ሜትር የተሠራ ሁድ ግድግዳ ላለመብሳት ሲባል በ10 ሳንቲ ሜትር ቧንቧ ቢቀጠል፥ ሰው ከሦስት እጅ አንዱ የቀነሰ ይመስለዋል፤ የቧንቧው አፍ ስፋት ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል። የሚታጠፈው የተሸበሸበ ቧንቧ ለሠራተኛው ይመቻል እንጂ በየሽብሽቡ ነፋስ ያሰናክላል፥ ስብም ያከማቻል፤ ስለዚህ ልሙጥ ላሜራ፥ አጭር መንገድ፥ ጥቂት መታጠፊያ። ጫፉም ከቤት ውጭ ይሁን። በኮርኒስና በጣራ መካከል የሚተው ሰው እሳት የሚጠብቅ ስብ እያጠራቀመ ነው።

ምትክ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ሞተሩ ሲነሣ የሚከፈት፥ ሲቆም የሚዘጋ ክዳን ይኖረዋል፤ እንደ ሚኒሶታ ባለ ብርድ አገርም ነፋሱ ሞቆ እንዲገባ ይደረጋል። በምድጃው ላይ በአግድም እንዳይነፍስ ግን መጠንቀቅ ይገባል፤ ወደ ሁዱ የሚያርገውን ጢስ ይበትነዋልና።

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ወገናችን፥ የቁሌትና የሚቆላ ቡና ጢስ የእሳት ማስጠንቀቂያውን እያስጮኸ ስለሚያሳፍረው፥ ኃይለኛ ሁድ ቢገዛ አይፈረድበትም። ነገር ግን ቤቱ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ካለው፥ ከተተከለ በኋላ በርና መስኮቱን ዘግቶ፥ ሁዱንና ሌሎቹን አየር አውጪ ማራገቢያዎች ሁሉ አስነሥቶ፥ ማሞቂያውን ለኩሶ ጥቂት ደቂቃ ይታገሥ፤ ከዚያም ዕጣን አጢሶ ከማሞቂያው አናት፥ የጢስ ቧንቧው ከሚጀምርበት ክፍተት አጠገብ ይያዘው። ጢሱ ወደ ቧንቧው ተስቦ ቢገባ መልካም ነው፤ ወደ ፊቱ ቢመለስ ግን ሁዱን አጥፍቶ፥ መስኮቱን ከፍቶ፥ ባለሙያ እስኪመጣ ሳያስነሣው ይቈይ።