ዘሩ ከአንዲስ፣ ችግኙ በጃቫ

የምንውጠውን እንክብል ሁሉ «ኪኒን» ስንል፣ ሳናውቀው የአንድ ደቡብ አሜሪካዊ ዛፍ ቅርፊት እየጠራን ነው። ዛፉ ሲንኮና ይባላል። ከቡና ጋር የአንድ ቤተሰብ ሲሆን፣ ከነጭ እስከ ሐምራዊ ቀለም ያለው መዓዛማ አበባ በዘለላ ያብባል። የወባ መድኃኒት የሆነው ኪኒን የሚገኘው ከቅርፊቱ ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅርፊቱን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ያደረሱት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ናቸው። በ1820 ፔልቲዬ እና ካቫንቱ የተባሉ ፈረንሳውያን የመድኃኒቱን ፍሬ ነገር ለይተው አወጡ። ከዚያ ወዲህ በሞቃት አገሮች ጦርና አስተዳደር ለማቆየት ለሚሻ መንግሥት ሁሉ ቅርፊቱ እንደ ባሩድ አስፈላጊ ሆነ። ፔሩ በ1825 ዛፉን በብሔራዊ አርማዋ ላይ አኖረች፤ የአንዲስ መንግሥታትም ዘሩና ችግኙ ከአገር እንዳይወጣ ከለከሉ። ሆኖም ለገበያ የሚቀርበው ቅርፊት ከጫካ ዛፍ እየተቆረጠ የሚላጥ ነበር። ዘሩ ይጠበቅ ነበር እንጂ ችግኝ የሚያፈላ አልነበረም ማለት ይቻላል። በእኔ እምነት ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል።

ሲንኮናን ማልማት ትዕግሥት ይጠይቃል። ዘሩ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ በአንድ ግራም ውስጥ በሺሕ የሚቆጠር ፍሬ አለ። አፈር አይጫንበትም፤ በለሰለሰ መደብ ላይ ተበትኖ፣ ከፀሐይና ከኃይለኛ ዝናብ የሚከልል ዳስ ተሠርቶለት፣ እርጥበቱ ሳይቋረጥ ይጠበቃል። ችግኙ ሲጠነክር ጥላው ቀስ በቀስ ይነሣለታል። ውርጭ የማያውቀው፣ ዝናብ የማይለየው፣ ውኃ የማያቁርና አሲዳማ አፈር ያለው ተራራማ ቁልቁለት ይስማማዋል። ቅርፊቱም ለዓመታት ይጠበቃል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ዝርያዎቹ በቀላሉ መዳቀላቸው ነው፤ ከምርጥ ዛፍ የተለቀመ ዘር ጎረቤቱ ደካማ ከሆነ ደካማ ልጅ ሊያወጣ ይችላል።

ሆላንዳውያን ይህን የተማሩት በኪሳራ ነው። በቅኝ ግዛታቸው በጃቫ፣ ዩንግሁን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በጥቅጥቅ ደን ጥላ ሥር ብዙ ዛፎችን አለማ፤ ዝርያው ግን ኪኒን የሌለው ያህል ሆኖ ተገኘ። እርሱ በ1864 ሲሞት ሥራውን ፋን ጎርኮም ተረከበ።

በዚያው ሰሞን በቦሊቪያ ማኑኤል ኢንክራ ማማኒ የተባለ የአገሬው ተወላጅ፣ ቻርልስ ሌጀር ለተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ የምርጡን ዛፍ ዘር ይፈልግ ነበር። ሌጀር በኋላ እንደተረከው፣ ማማኒ ውርጭ አበባውን እየመታበት ለዓመታት ጠብቋል። በ1865 ዘሩ ለንደን ደረሰ፤ የብሪታንያ መንግሥት አልገዛውም፤ ሆላንዳውያን ግማሽ ኪሎ ያህሉን በርካሽ ገዙ። ማማኒ ኋላ ዘር አሾልኳል ተብሎ ታሰረ፤ በደረሰበት ድብደባም ሞተ። በዛፉ ስም የቀረው ግን የሌጀር ስም ነው።

ፋን ጎርኮም ችግኞቹን ከሌሎች ዝርያዎች አርቆ ተከለ። ቅርፊታቸው ሲመረመር ከ8 እስከ 13 በመቶ ኪኒን ተገኘበት። ምርጡ ዛፍ ሥሩ ደካማ ስለነበር፣ ቅርንጫፉን ሥረ ጠንካራ በሆነው በቀዩ ሲንኮና ላይ ማጋባት ተለመደ። ብሪታንያም በሕንድ ሰፊ እርሻ ነበራት፤ አብዛኛው ግን ያ ጠንካራ፣ ኪኒኑ ያነሰ ዝርያ ነበር። በ1913 አምራቾችና ፋብሪካዎች ዋጋውን በስምምነት አሰሩ፤ በ1930ዎቹ ከዓለም ኪኒን 90 በመቶ ያህሉ ከጃቫ ቅርፊት ይመጣ ነበር። የበሽታው ሰለባ የሆነው ድኻ ገበሬ ዋጋውን ሊችል አልቻለም፤ ስለ ኪኒን ታላቅነት ሲነገር ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

በ1942 ጃፓን ጃቫን ስትይዝ የአሜሪካ መንግሥት የዕፅዋት ሊቃውንቱን ወደ ኮሎምቢያና ወደ ኢኳዶር ላከ። ከመቶ ዓመት በፊት እንደነበረው፣ ሰዎች ገጀራ ይዘው የጫካ ዛፍ ፍለጋ ተራራውን ወጡ።