አቋቋም

በተራ ንግግር አቋቋም ማለት ሰው የሚቆምበት ሁኔታ ነው። ጎንደር ውስጥ ግን ቃሉ የትምህርት ስም ነው፤ ጉባኤ የተተከለለት፣ ዓመታት የሚፈጅ፣ ማስመስከሪያ ቦታውም በዓታ ማርያም የሆነ ትምህርት።

አቋቋም ማኅሌትን በኅብረት የመቆም ሙያ ነው። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ትይዩ ሆነው ዜማውን ይቀባበላሉ። መሪጌታ፣ ቀኝ ጌታ፣ ግራ ጌታ የሚሉት ማዕረጎችም የተገኙት ከዚሁ ሥርዓት ነው። ዜማው መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ማለትም ያለ መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ። ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል። ከበሮና ጸናጽል ሲገቡ መረግድ ይባላል፤ ምቱ ፈጥኖ ጭብጨባ ሲታከልበት ደግሞ ጽፋት። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ቁሙን ነው። ከበሮ የሚሸፍነው ስሕተት ስለሌለ እያንዳንዱ የጎኑን ሰው ትንፋሽ እየሰማ ማንሣትና መጣል አለበት፤ ድምፁ ያማረ ሁሉ አይችለውም።

ቁሙ ሌላ ዜማ ያስታውሰኛል፤ አሜሪካ ውስጥ በፀጉር አስተካካይ ቤት ስም የሚጠራ፣ ሥሩ ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር የተሳሰረ የአራት ሰዎች ዜማ አለ። እሱም መሣሪያ አያስከትልም። እነሱ አራት የተለያዩ ድምፆችን ያስማማሉ፤ የእኛዎቹ ብዙ ሆነው አንድ ዜማ ይይዛሉ። ሁለቱም ግን ከጉሮሮ ይልቅ ጆሮን ያስቀድማሉ።

ጎንደር ያላችሁ፣ በበዓል ሌሊት ከበሮው እስኪመታ አትጠብቁ፤ ቁሙ ሲጀመር ድረሱ።