እልፍ፦ የአንድ ቁጥር ዋጋና የቃሉ ታሪክ

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ከአንድ ሰፈር ልጆች አንዱ በቤተ ክርስቲያን ግዕዝ፣ ሌላው በቁርኣን ቤት ዐረብኛ ቢማሩ፣ አንዱን ሴማዊ የቁጥር ስም በሁለት ዋጋ ይዘው ይገናኛሉ። የመጀመሪያው «እልፍ» ሲል 10,000 ማለቱ ነው፤ ሁለተኛው «አልፍ» ሲል 1,000 ማለቱ ነው። የቃሉ ሥር ግን አንድ ነው። በዕብራይስጥና በጥንታዊው የሳባ ቋንቋም ይኸው ሥር 1,000ን ያመለክታል። ግዕዝ ግን ዋጋውን ዐሥር እጥፍ አድርጎታል።

ይህ ዋጋ ከግዕዝ አኃዝ አሠራር ጋር የተስማማ ነው። ምልክቶቹ ከግሪክ ፊደላት የተወሰዱ ሲሆኑ፣ በ4ኛው ምዕተ ዓመት በንጉሥ ዔዛና የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ይገኛሉ። የአጻጻፉ መሠረት መቶ ነው። ለሺህ የተለየ ምልክት የለም፤ ፲፻ ተብሎ ይጻፋል፣ «ዐሠርቱ ምእት» ተብሎም ይነበባል። አዲስ ምልክት የሚመጣው መቶ በራሱ ሲባዛ ነው፤ ይኸውም ሁለት ፻ የተያያዙበት ፼ ነው። ስለዚህ 34,567 ሲጻፍ ፫፼፵፭፻፷፯ ይሆናል፤ ሚሊዮን ደግሞ ፻፼ ነው።

በሒሳብ ረገድ 10,000 አራት ሁለቶችና አራት አምስቶች ሲባዙ የሚገኝ ቁጥር ነው፤ ያለ ትራፊ የሚያካፍሉትም 25 ሙሉ ቁጥሮች አሉ። በዐሥር ለሚቆጥር ሰው አራተኛ ደረጃ ነው፤ በመቶ ለሚቆጥር ግን ሁለተኛ ደረጃ ነው። ሺህ በዚህ መሰላል ላይ ስፍራ የለውም።

ለተርጓሚ ነገሩ ቀላል አይደለም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 18 ሴቶቹ ሳኦልንና ዳዊትን በዘፈን ሲያወዳድሩ፣ ዕብራይስጡ ለሳኦል የሚሰጠው «ኤሌፍ» የተባለውን ቃል፣ ማለትም ሺህን ነው፤ አማርኛው ግን እልፍን የሚሰጠው ለዳዊት ነው። ትርጉሙ ትክክል ነው። ድምፅን ተከትሎ «ኤሌፍ»ን «እልፍ» የሚል ሰው ግን የዘፈኑን ንጽጽር ያፈርሰዋል፤ ንጉሡን ያስቈጣውም ይኸው ንጽጽር ነበር።

መዝገበ ቃላት አዘጋጅም ሊጠነቀቅበት የሚገባ ሌላ ጉዳይ አለ። «እልፍ በል» በሚለው አነጋገር ያለው «እልፍ» ከቁጥሩ ጋር ዝምድና የለውም፤ የመጣው ከ«አለፈ»፣ በግዕዝ ከ«ኀለፈ» ነው። በአማርኛ የ«ኀ» ድምፅ በመጥፋቱ ሁለቱ ሥሮች በመልክ ተገናኙ። ስለዚህ በሁለት የተለያዩ መግቢያዎች መስፈር አለባቸው።

ዛሬ በገበያ 10,000 ብር «ዐሥር ሺህ» ይባላል እንጂ «እልፍ ብር» አይባልም። «እልፍ አእላፍ» ሲባልም ቁጥር የማይወስነውን ብዛት ያመለክታል። እንግዲህ መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም ፍቺዎች፣ የተቈረጠውን ቁጥር በመጀመሪያ፣ ስፍር የሌለውን ብዛት በሁለተኛ ደረጃ ሊያሰፍር ይገባል። ተርጓሚውም የጥንት ጽሑፍ ሲገጥመው «ብዙ» ብሎ ከማለፉ በፊት ይቊጠር፤ ጸሐፊው በእርግጥ ቈጥሮ ሊሆን ይችላልና።