በአሜሪካ በእጅ ስለሚሠሩ የጠበንጃ ጥይቶችና ስለ ስማቸው አወጣጥ

የአንድ ሕዝብ ልማድ የሚጠናው በሠርጉና በለቅሶው፥ በእርሻውና በቤቱ አሠራር ብቻ አይደለም። ሰው በእጁ ለሠራው ዕቃ ስም ሲያወጣም ስለ ራሱ ብዙ ነገር ይገልጻል። በእኛ አገር ለጠበንጃ የወጡት ስሞች ከሠሪው ወይም ከመጣበት አገር የተወሰዱ መሆናቸውን አንባቢ ያውቃል፤ የፈረንሳዩ ግራ ውጅግራ፥ የኦስትሪያው ማንሊከር ምንሽር፥ የእንግሊዙ ስናይደር ስናድር፥ ከቤልጂግ የመጣው በልጅግ ተብሏል። ስሙ የጠበንጃው ነው፤ ጥይቱም በጠበንጃው ስም ይጠራል። በአሜሪካ ጥይት በእጃቸው በሚያሰናዱ ሰዎች ዘንድ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ የሚታሰበውና የሚሰየመው ጥይቱ ሲሆን፥ ጠበንጃው ለጥይቱ ሲባል ይሠራል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፋብሪካ ያልወጣ፥ አንድ ሰው በቤቱ ወይም በመሥሪያ ቦታው ያሰናዳው ጥይት በእንግሊዝኛ «ዋይልድካት» ይባላል፤ ትርጉሙም የዱር ድመት ማለት ነው። ስያሜው ለጥይት ብቻ የተሰጠ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት በቂ መያዣ ሳይኖራቸው የብር ወረቀት ያወጡ የነበሩ ባንኮች፥ ኋላም ዘይት መኖሩ ባልታወቀበት ቦታ የተቆፈሩ የነዳጅ ጉድጓዶች በዚሁ ስም ተጠርተዋል። እንግዲህ የዱር ድመት መባል ጌታም ሕግም የሌለው መሆንን ያመለክታል። በ1926 የተቋቋመው፥ በአጭሩ «ሳሚ» የሚባለው የአሜሪካ የጠበንጃና የጥይት ፋብሪካዎች ማኅበር ልኩን መርምሮ ያልወሰነለት ጥይት፥ ምንም ያህል ቢወደድ ከዱር ድመትነት አይወጣም።

ሥራው ከባዶ አይጀመርም። ሠሪው ከፋብሪካ የወጣ ቀለህ ወስዶ በብረት ቅርጽ ውስጥ እየገፋ አንገቱን ለቀጭን አረር ያጠብበዋል፥ ወይም ለወፍራም ያሰፋዋል። ሌላም ዘዴ አለ፤ ጥይቱ የሚጎርስበት የጠበንጃው ክፍል ጥቂት ሰፋ ተደርጎ ይቦረቦርና ተራው ጥይት በውስጡ ሲተኮስ የባሩዱ ግፊት ቀለሁን ለጥጦ አዲሱን መልክ ያስይዘዋል። በዚህኛው ዘዴ እጅግ የታወቀው ጠበንጃ ሠሪው ፓርከር ኦቶ አክሊ (1903–1989) ነው፤ እርሱ ያስተካከላቸው ጥይቶች በነባር ስማቸው ላይ «የአክሊ የተሻሻለ» የሚል ቅጽል ይጨመርላቸዋል።

በእኔ አስተያየት ለልማድ ተመራማሪ የሚበልጠው ቁም ነገር በቍጥሮቹ ውስጥ ይገኛል። የመጀመሪያው ቍጥር የአፈሙዙን ስፋት በኢንች ክፍልፋይ ይናገራል። ሁለተኛው ግን ወጥ ሕግ የለውም። በ1873 በወጣው «45-70» ሁለተኛው ቍጥር የባሩዱ ክብደት ነው፤ 70 ግሬን። በጦር ሠራዊቱ «30-06» ጥይቱ የተወሰነበት ዓመት ነው፤ 1906። የሳቬጅ ኩባንያ በ1915 ባወጣው «250-3000» ደግሞ አረሩ በሴኮንድ 3000 ጫማ መሄዱን ለገዢ ማስታወቂያ ነው። ከዚህ በኋላ አ. ኦ. ኒድነር የተባለው ጠበንጃ ሠሪ በ1920 የ30-06ን ቀለህ ለ25 አረር አጥብቦ ሠራና ጥይቱ «25-06» ተባለ። በዚህ ጊዜ 06 ዓመት መሆኑ ቀርቶ የአባት ስም ሆነ። ጥይቱ በ1906 አልተወለደም፤ ከ1906ቱ ተወለደ እንጂ። በራሱ ስም ላይ የአባቱን ስም አስከትሎ ለሚጠራ ለሐበሻ ይህን ዓይነቱን ስም ማንበብ ከቶ አያስቸግርም።

የስም ጥያቄ የባለቤትነት ጥያቄ የሆነበትም ጊዜ አለ። በ1930ዎቹ ብዙ ሰዎች የሳቬጅን 250 ቀለህ ለ22 አረር ያጠብቡ ነበር። ከእነርሱ መካከል ጄ. ኢ. ጌቢና ጄ. ቡሽኔል ስሚዝ በ1937 የራሳቸውን አቅርበው «ቫርሚንተር» አሉት፤ እርሻና መስክ የሚያበላሹ አውሬዎችን የሚገድል ማለት ነው። ጌቢም ስሙ በሕግ እንዲጠበቅለት አደረገ። ሌሎቹ ጠበንጃ ሠሪዎች ጥይቱን ከመሥራት አልተከለከሉም፤ በዚያ ስም መጥራት ግን ስላልተቻላቸው በልጅና በአባት ቍጥር «22-250» እያሉ ጠሩት። ብራውኒንግ የተባለው ኩባንያ በ1963፥ አንድም ፋብሪካ ጥይቱን ሳይሠራው፥ ለዚህ የዱር ድመት የሚሆን ጠበንጃ አውጥቶ ሸጠ። ሬሚንግተን በ1965 ጥይቱን በፋብሪካ ማውጣት ሲጀምር «22-250 ሬሚንግተን» ብሎ የራሱን ስም ጨመረበት። ጌቢ ስሙን ለማስጠበቅ ያጠረው አጥር ስሙን ከሕዝብ አፍ አስወጣው። በአንጻሩ ኔድ ሮበርትስ በ1920ዎቹ ከ7 ሚሊሜትሩ የማውዘር ቀለህ ያወጣውን ጥይት ሬሚንግተን በ1934 ሲቀበል የትከሻውን ቅርጽ ቢለውጥበትም «257 ሮበርትስ» ብሎ ስሙን አቆይቶለታል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ለመፍረድ አልደፍርም፤ ለጌቢ ግን አዝናለሁ።

ቀልድም አይጠፋም። አክሊ ለአንድ ወዳጁ ብሎ ትልቁን የዌዘርቢ 378 ቀለህ ለትንሿ የ22 አረር አጥብቦ፥ በጀርመንኛ ማስመሰያ «ኢርጌስፕሊተን ላውደንቡመር» አለው፤ ጆሮ ሰንጣቂ ነጎድጓድ እንደ ማለት ነው። የታሰበው በሴኮንድ ከ5000 ጫማ በላይ እንዲሄድ ነበር፤ የደረሰው ግን ወደ 4600 ነው።

ሆኖም ስም በዚህ ሥራ ውስጥ የሕይወትም ነገር ነው። ሁለት ሠሪዎች በአንድ ስም የሚጠሩት ጥይት በትከሻው ወይም በአንገቱ ልክ ሊለያይ ይችላል፤ ለአንዱ ጠበንጃ የተሰናዳው በሌላው ውስጥ ቢተኮስ ግፊቱ ከመጠን አልፎ ጠበንጃውን ሊያፈነዳ፥ የተኳሹንም ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ጠበንጃ ሠሪ የጥይቱን ስም በብረቱ ላይ ይቀርጻል። ጽሕፈት የሌለው ጠበንጃ በውርስ ከልጅ እጅ ሲገባ፥ የሚያውቀው ሰው ቀልጦ የፈሰሰ ድኝ ወይም በትንሽ ሙቀት የሚቀልጥ ማዕድን ጥይቱ በሚጎርስበት ክፍል ውስጥ ያፈስሳል፤ ሲረጋም አውጥቶ እየለካ የሟቹ ጥይት የየትኛው ቀለህ ልጅ እንደ ነበረ ከቅርጹ ይፈልጋል።