አንድ መጽሐፍ፣ ብዙ ትርጉም፤ የትኛውን እንመን?



ዛሬ የማጫውታችሁ ከቻይና ስለ መጣ አንድ ጥንታዊ የጥበብ መጽሐፍ ነው። ስሙ ታኦ ቴ ቺንግ ይባላል። ልጃችሁ የዕብራይስጡን ትርጉም ከቤተ መጻሕፍት ይዞ ገብቶ «የትኛው ትርጉም ይሻላል?» ቢላችሁ፣ የመጽሐፉን ታሪክ ማወቃችሁ ይጠቅማችኋል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጽሐፉ ትንሽ ነው። 81 ምዕራፎችና 5,000 ያህል የቻይና ፊደላት ብቻ አሉት። በትውፊት የጻፈው ላኦ ዙ የተባለ የመንግሥት መዝገብ ጠባቂ ነው። የመንግሥቱን መዳከም አይቶ አገሩን ለቆ ሲሄድ፣ የኬላው ጠባቂ ጥበቡን ጽፎ እንዲተውለት ለመነው ይባላል። የዛሬ ሊቃውንት ብዙዎቹ ግን በረዥም ጊዜ ከብዙ ሰዎች የተሰበሰበ ነው ይላሉ።

ወደ እንግሊዝኛ ከመለሱት መካከል ጄምስ ሌግ አንዱ ነው። ስኮትላንዳዊ ሚሲዮናዊ ሲሆን በሆንግ ኮንግ ብዙ ዓመት ኖሮ ቻይንኛን የተማረ ሰው ነው፤ ትርጉሙ በ1891 ታተመ። በ1934 አርተር ዌሊ፣ በ1963 ደግሞ የሆንግ ኮንግ ተወላጅ የሆነው ዲ. ሲ. ላው የየራሳቸውን አወጡ። በ1988 ስቲቨን ሚቸል ያሳተመው በብዙ ሰዎች ተወደደ። እርሱ ግን ቻይንኛ አያውቅም፤ የሠራው የሌሎችን ትርጉም አስተያይቶ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1973 በቻይና ማዋንግዱይ በተባለ ቦታ፣ ከዘመን አቆጣጠሩ በፊት በ168 ዓመት ከተዘጋ መቃብር ውስጥ፣ በሐር ላይ የተጻፉ ሁለት ቅጂዎች ተገኙ። በእነዚህ ቅጂዎች የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ፊት ቀድሞ ተጽፏል። በ1993 ደግሞ በጉኦዲያን ከዚያ የቆየ፣ በቀርከሃ ላይ የተጻፈ ከፊል ቅጂ ወጣ። ላው የሐሩን ቅጂ ካየ በኋላ እንደገና ተርጉሟል። አንድ ሊቅ የራሱን ሥራ ማረሙ ውርደት ሳይሆን ክብር ነው።

አሁን አንድ ቃል እንይ። በምዕራፍ 3 «ሺን» የሚል ቃል አለ። የሰውነት ክፍል የሆነውን ልብንም፣ የሰውን አሳብም ይገልጻል። የእንግሊዝኛው ተርጓሚ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ አንዱን ሲመርጥ ሌላው ይቀርበታል። እኛ ግን «ልብ በል» ስንል ማስተዋልን፣ «ልቤ አዘነ» ስንል ስሜትን እንናገራለን። ስለዚህ በዚህ ቃል አማርኛችን ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለቻይንኛው ይቀርባል።

የቃል ምርጫ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት አንዲት እናት ሐኪም ዘንድ ይዣቸው ሄድሁ። «ሆድ ባሰኝ» አሉ። እኔም ቸኩዬ «ሆዳቸውን ያማቸዋል» ብዬ ተረጎምሁ። የሆድ ምርመራ ታዘዘላቸው። እሳቸው የተናገሩት ግን ጎንደር ስለቀረች ልጃቸው ነበር። ቃሉን አልሳትሁም፤ የሳትሁት ሴትዮዋን ነው። ነገሩ ሲገባኝ ተመልሼ ለሐኪሙ ስሕተቴን ነገርሁ።

እንግዲህ ትርጉም ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ተርጓሚው የመጽሐፉን ቋንቋ ያውቃል? ከየትኛው ቅጂ ተረጎመ? ከራሱ የጨመረውን ለይቶ አሳይቷል? ሌግ የጨመራቸውን ቃላት በቅንፍ አስቀምጧል። ከተቻለ ደግሞ አንዱን ምዕራፍ በሁለት ትርጉም አንብቡ። ሁለቱ በተለያዩበት ቦታ አንድ ከባድ ቃል እንዳለ ትረዳላችሁ። በጣፋጭ ቋንቋ የተጻፈውን አታንብቡ ማለቴ አይደለም፤ ማን እንደሚናገራችሁ አውቃችሁ አንብቡ ማለቴ ነው።

ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። ቄሶቻችን ኦሪትን በግዕዝ አንብበው በምንሰማው ቋንቋ ሲያስረዱን፣ የሚያስረዳን ማን እንደሆነ እናውቅ ነበር። ዛሬም በየቢሮው ልጆቻችን ሲያስተረጉሙልን፣ «ምን አልህላቸው?» ብለን መልሰን እንጠይቅ። መጠየቅ ልጁን አለማመን አይደለም፤ ሸክሙን ማገዝ ነው።

በቸር ያገናኘን።