ጎማን ወደ ውጭ የመግፋት ታሪክ

ቸርኬ በሚታሰርበት የመኪና ሞዞና በቸርኬው መካከል የሚገባው፣ በጋራዥ ቋንቋ ስፔሰር የሚባለው የብረት ወይም የአሉሚኒየም ቀለበት ጎማውን ከመኪናው አካል ወደ ውጭ ከመግፋት በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ዳዶን፣ ቸርኬን፣ ኩሽኔታንና ጎሚስታን ከጣሊያንኛ የወረሰው የአማርኛ የመካኒክ ቋንቋ ይህን ዕቃ በእንግሊዝኛ ስሙ መጥራቱ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ መሆኑን ያስገምታል፤ ጎማን ወደ ውጭ የማውጣት ፍላጎት ግን ከቀለበቱ በፊት የነበረ ነው።

ዕቃው ያሰጋል ወይስ አያሰጋም የሚለው ክርክር ጎማ ከመኪና ጋር በምን ተያይዞ ይቆማል ከሚለው ጥያቄ ይነሣል። በመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ዘመን ጎማ በቀላሉ የሚነቀል ነገር ስላልነበረ፣ ጎማ የተነፈሰበት ሾፌር ላስቲኩን መንገድ ዳር ከቸርኬው ላይ አላቅቆ ይለጥፍ ነበር። በዌልስ፣ በላኔሊ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1904 የተፈለሰፈው ስቴፕኒ የተባለ ትርፍ ጎማ እንኳ በተነፈሰው ጎማ ጎን ይታሰር ነበር እንጂ አይተካውም ነበር። ከዚያ በኋላ ራጅ ዊትዎርዝ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በአንድ ማዕከላዊ ዳዶ የሚታሰር ተነቃይ ጎማ አወጣ፤ በመጨረሻም በአራት፣ በአምስት ወይም በስድስት ብሎን የሚታሰረው የብረት ቸርኬ የተለመደው ሆነ።

ብዙ ሰው ቸርኬውን የሚሸከመው የብሎኑ ግንድ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ዳዶ በሚገባ ሲጠብቅ ብሎኑ ለዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጥና እንደ ጠንካራ ሞላ ለመሰብሰብ ሲታገል ቸርኬውን ከሞዞው ፊት ጋር ያጣብቀዋል፤ የሞተሩንና የፍሬኑን ኃይል ከአንዱ ወደ ሌላው በዋናነት የሚያሻግረውም በሁለቱ ፊቶች መካከል የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። ጥብቀቱ ከላላ ሰበቃው ይከዳል፤ ብሎኑም በእያንዳንዱ የጎማ ዙር ወዲያና ወዲህ እየተጎበጠ፣ ደጋግሞ እንደታጠፈ ሽቦ በድካም ይሰበራል። ክራይስለርን የመሳሰሉ አምራቾች ለብዙ ዓመታት በግራ በኩል ባሉት ጎማዎች ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጠብቅ ብሎን ያደርጉ የነበረው ይህን መላላት በመፍራት ነው፤ ነገሩን ሳያውቅ በለመደው አቅጣጫ እየታገለ ብሎን የቆረጠ ሰው ብዙ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ስፔሰር በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ አንድ የነበረውን መጋጠሚያ ሁለት ያደርገዋል፤ ዝገት፣ ቀለም ወይም አሸዋ ያልተጠረገበት መጋጠሚያ ደግሞ ውሎ አድሮ እየተጨፈለቀ ጥብቀቱን ያላላል። 3 ወይም 5 ሚሊ ሜትር የሆነው ስስ ዓይነት በነባሩ ብሎን ላይ ስለሚሰካ ጉዳት የሌለው ይመስላል፤ ነገር ግን ዳዶው የሚነክሰውን ጥርስ በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ቸርኬውን መሐል ላይ የሚያስቀምጠውን የሞዞ ከንፈርም ሊሸፍነው ይችላል። ወፍራሙ ዓይነት በራሱ ዳዶዎች ከሞዞው ጋር ከታሰረ በኋላ ቸርኬው በእሱ ብሎኖች ላይ ይታሰራል፤ የዚህኛው ጉድለት የውስጠኞቹ ዳዶዎች በቸርኬው ስለሚሸፈኑ መላላታቸውን ጎማ ሳያወርዱ ማወቅ አለመቻሉ ነው። ጥንቁቅ ባለሙያዎች ከተገጠመ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ተፈትሾ እንደገና ይጥበቅ የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

አምራቾች ራሳቸው ጎማን ወደ ውጭ ያወጡባቸው አጋጣሚዎች የጉዳዩን ሌላ ገጽታ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣው የፎርድ 9ኤን ትራክተር፣ ገበሬው በሰብል መደዳዎች መካከል እንዲነዳው፣ በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋት ከ122 እስከ 193 ሴንቲ ሜትር ድረስ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ የሚስተካከል ነበር፤ የፊት አክስሉም ሲሰፋ የመሪው ልኬት እንዳይዛባ ተደርጎ ተቀርጿል። ፖንቲያክ እ.ኤ.አ. በ1959 ጎማዎቹን ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲያራርቅ መነሻው ከሥነ ምሕንድስና ይልቅ መልክ ነበር፤ የዚያ ዓመት ሰፊ አካል በአሮጌው አክስል ላይ ሲቀመጥ ጠባብ ጫማ የተጫማ ሰው ይመስል ነበርና። ሰፊው አቋም መኪናውን በኩርባ ላይ የተረጋጋ ማድረጉ በማስታወቂያው ጎላ ብሎ ተነገረ፤ መልክን በደኅንነት ስም መሸጥም እስከ ዛሬ የዚህ ገበያ ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ዋናው ልዩነት ፖንቲያክ አክስሉን ማስፋቱ ነው፤ የስፔሰር ገዢ የሚያወጣው ጎማውን ብቻ ስለሆነ ኩሽኔታው በረዘመ ክንድ ይጫናል።

ከመሪው ጋር ያለው ጣጣ ከሁሉ ይረቅቃል። የፊት ጎማ ወደ ግራና ቀኝ ሲዞር የሚዞርበት መስመር ወደ ታች ቢቀጥል መሬትን የሚነካበት ነጥብና ጎማው መሬት የሚረግጥበት መሐል በአብዛኛው አይገጥሙም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወዴት እንደሚሳብ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው አውዲ 80 የመስመሩ ነጥብ ከጎማው መሐል ወደ ውጭ እንዲወድቅ ተደርጎ ተሠራ፤ ዓላማውም የአንዱ ጎን ፍሬን ቢከዳ ወይም አንዱ ጎማ ቢፈነዳ መሪው በራሱ መሳቡን እንዲቃወም ነበር። በዚህ ዓይነት መኪና ላይ 20 ሚሊ ሜትር ስፔሰር የጨመረ ሰው የጎማውን መሐል በዚያው መጠን ወደ ውጭ ስለሚያወጣ፣ መሐንዲሶቹ በሚሊ ሜትር የቆጠሩትን ጥበቃ ሳያውቀው ሊሰርዘው ይችላል። ይህም ሆኖ ፖርሽ በአንዳንድ የ911 ተርቦ መኪኖቹ የኋላ ጎማዎች ላይ ስፔሰርን ከፋብሪካ ገጥሟል፤ የብሎኑ ርዝመት፣ ኩሽኔታውና ቸርኬው በአንድነት የተሰሉ በመሆናቸው ያው ቀለበት በዚያ ቦታ የመኪናው አካል ሆኗል።

የአገሮች ሕግም በዚሁ ነጥብ ላይ ይለያያል። በጀርመን ስፔሰር የሚፈቀደው የቴክኒክ ማረጋገጫ ኖሮት ገጠማው በባለሙያ ሲመረመር ሲሆን፣ ምርመራውን ከሚያካሂዱት አንዱ የሆነው ቲዩቭ በማንሃይም አንድ የቢራ ፋብሪካ የእንፋሎት ጋን ከፈነዳ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1866፣ ጋን ለመመርመር ከተቋቋመ ማኅበር የመጣ ነው። የአውስትራሊያ የተሽከርካሪ ማሻሻያ መመሪያ ግን ፋብሪካው ራሱ ካልገጠመው በቀር ስፔሰርን አይቀበልም። ብረቱ በሁለቱም አገር አንድ ነው፤ የሚለያየው የገጠመውን እጅ ማን ያረጋግጣል የሚለው ነው።

የአውስትራሊያ ክልከላ የሚከብደው በኢትዮጵያ የገጠር መንገዶችም ስሙ በሚታወቀው ላንድ ክሩዘር 70 ባለቤቶች ላይ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2007 የቪ8 ሞተር ለማስገባት የፊቱን አክስል ሲያሰፋ የኋላውን ስላልነካው፣ የኋላ ጎማዎቹ ከፊቶቹ በ95 ሚሊ ሜትር ገደማ ጠበው ቀሩ፤ በአሸዋና በጭቃም የፊቶቹ የከፈቱትን ዱካ በትክክል አይከተሉም። በየጎኑ 47 ሚሊ ሜትር ያህል ስፔሰር ማስገባት ቀላሉ መፍትሔ ይመስል ነበር፤ መንገዱ በሕግ ሲዘጋ ግን የኋላ አክስሉን በሰፊ የሚተኩ ወርክሾፖች ሥራ አገኙ። ወጪው ከቀለበት ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው፤ ፖንቲያክ እንዳደረገው ግን ሞዞው፣ ኩሽኔታውና ፍሬኑ ከጎማው ጋር አብረው ወደ ውጭ ይወጣሉ።