በቂጥኝ ስም የተሸፈነ ሕመም፦ የወንዶች የብልት ሄርፒስ ሕክምና ታሪክ

በአማርኛ የአባላዘር በሽታዎች ስም አላጡም። ቂጥኝ፣ ጨብጥ፣ ከርክርና ባምቡሌ ሕዝብ ከጥንት የሚያውቃቸው መጠሪያዎች ናቸው። በከንፈር ላይ የሚወጣው ሄርፒስ እንኳ «ምች» እየተባለ፣ ዳማ ከሴ እየታሸለት በየቤቱ ይታወቃል። አልማዝ ባለጭራ ግን የዘመዱ የዞስተር ስም ነው። በወንድ ብልት ላይ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች እያወጣ የሚያቆስለውና የሚመላለሰው ሄርፒስ ይህን ያህል የታወቀ ስም የለውም። ስለዚህ ከገበዝ ማርያም አካባቢ ተነሥቶ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ለሕክምና የሚደርስ ገበሬ ሕመሙን በቂጥኝ ስም ቢናገር አያስደንቅም። ስም ማጣቱ ሕክምናውንም ለረጅም ጊዜ አሳስቶታል።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ «ወሸባ» የሚለው ቃል ተለይቶ መቆየትን ለማመልከት በሰፊው ተሠርቶበታል። ጥንት ግን ወሸባ የቂጥኝ መድኃኒት ነበር። ሕመምተኛው ሳርሳፓሪላ ከሚባለው ተክል ሥር የተቀቀለውን እየጠጣ፣ ምግቡን እየመረጠ፣ ከሰው ተለይቶ በቤት ይዘጋ ነበር። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል ያለ መድኃኒት ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል፤ የሄርፒስ የመጀመሪያ ቁስልም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደርቃል። እንግዲህ ወሸባ የገባ ወንድ ቁስሉ ደርቆለት ቢወጣ፣ ምስጋናው ለሥሩ መሆኑ አይቀርም። ቂጥኙ በውስጡ ይቀጥላል፤ ሄርፒሱም በነርቭ ሥር አድፍጦ ይቆያል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፔኒሲሊን መጣ። በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያስተማራቸው ባለሙያዎች ወደየአውራጃው ሲሠማሩ፣ ቂጥኝን በእርግጥ የሚያድን መርፌ በእጃቸው ነበር። ፔኒሲሊን ሄርፒስን ግን አይነካም። መርፌውን የተወጋው የሄርፒስ ሕመምተኛ ቁስሉ በራሱ ጊዜ ሲደርቅ «መርፌው አዳነኝ» ይላል፤ ከወራት በኋላ ሲመለስበት ደግሞ ወይ መድኃኒቱን ይነቅፋል፣ ወይ ሚስቱን ይጠረጥራል። ብዙ ትዳር በዚህ ጥርጣሬ ሳይናጋ አልቀረም። ቡሬን በመሰለች፣ ወደ ወለጋ የሚወስደው መንገድ በሚገነጠልባት የገበያ ከተማ፣ ከነጋዴውና ከተጓዡ ብዛት የተነሣ ጥርጣሬው ምክንያት አያጣም።

ይህን መጋረጃ ከገለጡት ነገሮች አንዱ ኤች አይ ቪ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ታወቁ። የመከላከል አቅሙ በተዳከመ ሰው ላይ የሄርፒስ ቁስል በራሱ አይደርቅም፤ ይሰፋል፣ ይጠልቃል፣ ለወራትም ይቆያል። ሄርፒስም በበኩሉ ለኤች አይ ቪ መያዝን ያቀላል። በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ዋነኛ የብልት ቁስል መንሥኤ የነበረው ከርክር እየቀነሰ፣ ሄርፒስ ቦታውን ሲይዝ ታየ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ የሄርፒስ ሥርጭት 30 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነበት አካባቢ አሲክሎቪር ከቂጥኝና ከከርክር መድኃኒቶች ጋር እንዲሰጥ መከረ።

አሲክሎቪር እ.ኤ.አ. በ1977 በሳይንስ ጽሑፍ የተገለጸ፣ በአሜሪካ በ1982 በቅባት፣ በ1985 በእንክብል መልክ የተፈቀደ መድኃኒት ነው። በሥራው የተሳተፈችው ገርትሩድ ኤሊዮን በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፍላለች። ቅባቱ ለብልት ሄርፒስ ጥቅሙ አነስተኛ ነው። እንክብሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕመም 400 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለ10 ቀናት፣ ለሚመላለሰው ደግሞ ለ5 ቀናት ይሰጣል። የሚመላለሰውን ሕመም በተጀመረበት ቀን መውሰድ ይበጃል፤ ቫይረሱን ግን ከሰውነት አያጠፋም። ቁስሉን በጨው ውኃ ማጠብ፣ ፓራሲታሞል መውሰድ፣ የማያጠብቅ ልብስ መልበስ ሕመሙን ያስታግሣሉ። ሽንት ሲያቃጥል ለብ ያለ ውኃ እያፈሰሱ መሽናት ይረዳል፤ ሽንት ከተያዘ ግን ሕመምተኛው ለሆስፒታል መድረስ አለበት።

አሲክሎቪር የኤች አይ ቪን መተላለፍ ይገታል የሚለው ተስፋ በጥናት አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2010 የታተሙ ሁለት ታላላቅ ጥናቶች ቁስሉ መቀነሱን፣ የኤች አይ ቪ መተላለፍ ግን አለመቀነሱን አሳይተዋል።